ባንድ፣ ሰዓት፣ ቀለበት ወይስ ትንሽ መቆየት? ጎንደር ላይ የሚለበስ መሣሪያ ለሚመርጥ ሰው

ፒያሳ ባሉ የስልክ ሱቆች መስታወት ውስጥ ስማርት ባንድ (እንደ አምባር እጅ ላይ የሚታሰር ቀጭን መለኪያ)፣ ስማርት ሰዓት፣ ሽቦ አልባ ማዳመጫ፣ አልፎ አልፎም ስማርት ቀለበት ጎን ለጎን ተደርድሯል። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ግማሹ ዛሬ የሚሠራ ነው፤ ግማሹ ገና ተስፋ ነው። የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፦ ገንዘብዎን መብራት በጠፋበት፣ ኔትወርክም በሌለበት ማታ ለሚሠራው ነገር ይክፈሉ፤ ለተስፋው ጊዜ ይስጡት እንጂ ብር አይስጡት። ከተስፋዎቹ የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ በየቦታው እንናገራለን።

ለቸኮለ ሰው ምርጫው ይህን ይመስላል። እንቅልፍ፣ የልብ ምትና የስልክ ጥሪ ማሳወቂያ የሚበቃው ሰው ባንድ ይግዛ። ሯጭ፣ ተራራ ወጪና የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ጂፒኤስና ባሮሜትር (በአየር ግፊት ከፍታን የሚለካ) ያለው፣ ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ የስፖርት ሰዓት ይግዛ። ሙሉ ስማርት ሰዓት በየማታው ቻርጅ ማድረግ ለማይከብደውና መልእክት ከእጁ ላይ መመለስ ለሚፈልግ ነው። ስማርት ቀለበትና ካሜራ ያለው ስማርት መነጽር ይቆዩ።

መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው

የሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አቅም ከመጀመሪያው 80% አካባቢ ነው። ሒሳቡን በየመሣሪያው ይሥሩት። በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት 500ኛው ላይ የሚደርሰው በአንድ ዓመት ከአራት ወር ግድም ነው። በ10 ቀን አንዴ የሚሞላ ባንድ ግን በዓመት 36 ጊዜ ብቻ ይሞላል፤ ባትሪውን የሚያደክመው አጠቃቀም ሳይሆን ዕድሜ ይሆናል። ስለዚህ "አንድ ቀን ከግማሽ ይቆያል" የተባለ ሰዓትና "14 ቀን ይቆያል" የተባለ ባንድ ልዩነታቸው የምቾት ብቻ አይደለም፤ የዕድሜም ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቀን የሚለካው ደግሞ ብዙው ነገር ጠፍቶ ነው። ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ፣ የደም ኦክስጅንዎንም ሌሊቱን እንዲለካ ካደረጉ ግማሹን ይጠብቁ።

መብራት ሲጠፋ የሚገጥም አንድ ችግር አለ፤ ብዙ ሰው ባንዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ባንድ ሲሞላ የሚስበው የኤሌክትሪክ ጅረት በጣም ትንሽ ነው። አብዛኛው ፓወር ባንክ ደግሞ ስልክ እንደተነቀለ ቆጥሮ ከደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ጠዋት ሲነሡ ፓወር ባንኩ ሙሉ፣ ባንዱ ባዶ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ አነስተኛ ጅረት የሚሰጥበት ሁነታ ያለው ፓወር ባንክ መግዛት (ብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲጫን ይከፈታል)፣ ወይም ባንዱን ከስልክ ጋር አብሮ በሁለተኛው ቀዳዳ መሰካት። የባንድ ባትሪ 200 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ስለሆነ 10,000 ያለው ፓወር ባንክ፣ የሚባክነው ተቀንሶለት እንኳ፣ ከ25 ጊዜ በላይ ይሞላዋል።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ሳይሆን አዳፕተሩ ነው፤ መብራት ሲሄድ ይንቀሉት። ከሰዓቱ ጀርባ ያሉት ትንንሽ የቻርጅ ነጥቦች ላብና ሳሙና ሲደርቅባቸው አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ። በሳምንት አንዴ በጥጥና በአልኮል ይጥረጓቸው፤ በምላጭ አይፋቁ፤ ሽፋኑ ከተላጠ ዝገቱ ይብሳል። ገመዱ ከስልክ ገመድ ጋር አይገጥምም፤ ሲጠፋ ሰዓቱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ ገመድ የሚገዛው ሰዓቱ በተገዛበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት እውነተኛ ተስፋዎች አሉ። አንደኛው ፀሐይ ነው። መስታወታቸው በፀሐይ የሚሞላ የስፖርት ሰዓቶች አሁንም አሉ። ሰዓት አምራቹ ጋርሚን የፀሐይ ሰዓቶቹን የባትሪ ቀን ሲያሰላ መነሻው በቀን 3 ሰዓት ውጭ፣ 50,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በሆነ ብርሃን ላይ መዋል ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለጎንደር ሰማይ ይህ ቀላል ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አይቁጠሩበት፤ በጋቢ ወይም በእጅጌ ሥር የተደበቀ ሰዓትም ምንም አያገኝም። ሁለተኛው ጥገና ነው። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 18፣ 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው ራሱ እንዲቀየር ያስገድዳል። ውሃ ውስጥ እንዲሠሩ ለተሠሩ ዕቃዎች ግን የተለየ ፈቃድ አለ፤ ብዙ የእጅ ሰዓቶች በዚያ ቀዳዳ ሊሾልኩ ይችላሉ። ያ ቀዳዳ ቢዘጋ የስልክ ጠጋኞቻችን በቀላሉ የሚሠሩት ሥራ ይሆን ነበር። ዛሬ ጀርባው በሙጫ የተጣበቀ ሰዓት ከተከፈተ በኋላ ውሃ መከላከሉ አይመለስም፤ ባትሪ ያስቀየረ ሰው ከዚያ በኋላ ሲታጠብ ያውልቀው።

በእኛ አቆጣጠር፣ በእኛ ፊደል

አብዛኛው ዲጂታል ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓትን 7 ብሎ ያሳያል። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህን አያድርጉ። የእንቅልፍ መዝገቡ ይዛባል፤ የመልእክቶች ሰዓት ይምታታል፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጩ አፖችም የተሳሳተ ኮድ ሊሰጡ ይችላሉ። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ስልኩን በአዲስ አበባ ሰዓት ይተዉትና ሰዓቱ ላይ የዓለም ሰዓት የሚያሳይ ገጽታ መርጠው ከተማውን ቦነስ አይረስ ያድርጉ፤ አቆጣጠሩን ባለ 12 ሰዓት ያድርጉት። አርጀንቲና ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በበጋና በክረምትም ሰዓቷን አትቀያይርም። ጎንደር ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ 1፡00 ይላል፤ ማታ 3 ሲሆን 3፡00 ይላል። ኤኤም የሚለው ቀን፣ ፒኤም የሚለው ሌሊት ይሆናል። ቀኑም የሚቀየረው በእኛ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። ለእናትና ለአባት የሚሰጥ ሰዓት ከሆነ ይህን አስተካክለው ይስጡ፤ ሳይስተካከል የተሰጠ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ያለው ገጽታ ሙሉ ስማርት ሰዓት ላይ በአፕ ይገኛል፤ ርካሽ ባንድ ላይ ግን ፋብሪካው የጫነውን ብቻ ይጠቀማሉ። ፊደሉም እንደዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአንድሮይድም የአይፎንም ሰዓቶች በአብዛኛው ያነቡታል። ርካሽ ባንድ ግን ትንሽ ማኅደር (ሜሞሪ) ስላለው ፋብሪካው የላቲን፣ የቻይናና የመሳሰሉትን ፊደላት ጭኖ የእኛን ይተወዋል። ውጤቱ ባዶ አራት ማዕዘን ነው። ሲገዙ ባንዱን ከስልክዎ ጋር አገናኝተው ጓደኛዎ በቴሌግራም "ሰላም ነው? ጧት እንገናኝ" ብሎ እንዲልክልዎ ያድርጉ። አጭር ቃል ብቻ አይበቃም፤ "ጧ"ን የመሰሉ ፊደላት ላይ የሚሰናከል መሣሪያ አለና።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል ብለን በልበ ሙሉነት የምንጠብቀው ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ አማርኛ ሰምቶ በአማርኛ የሚመልስ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማዳመጫ ወይም ሰዓት። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል። የጎደለው ሥራው በሙሉ ከመሣሪያው ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ከማንኛውም የጤና ሴንሰር በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። ግን ዛሬ "አማርኛ ይተረጉማል" ተብሎ የሚሸጥ ማዳመጫ ትርጉሙን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ አፕና በኢንተርኔት ነው። ዳታውን አጥፍተው እንደገና ይሞክሩት፤ ዝም ካለ ለማዳመጫነቱ ብቻ ይክፈሉት።

አረንጓዴው መብራት ምን ያያል

የልብ ምት የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ በሚታየው የደም መጠን መለዋወጥ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ አረንጓዴውን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ መሣሪያው መብራቱን ጨምሮ ያካክሳል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ክንድ ላይ ንቅሳት ካለ ቀለሙ ብርሃኑን ሊዘጋው ይችላል። አንጓቸው ላይ ንቅሳት ላላቸው እናቶች ሰዓቱን በሌላኛው እጅ ያስሩላቸው፤ ሁለቱም እጅ ከተነቀሰ በደረት የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ይሻላል። ቦታው ከአንጓ አጥንት በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ሲሮጡ ጠበቅ፣ ሲተኙ ላላ ይደረግ። እጅ ሲቀዘቅዝ ደም ከቆዳ ይሸሻል፤ ቁጥሩም ይጠፋል ወይም ይዘላል።

እርምጃ የሚቆጠረው በክንድ መወዛወዝ ነው። ቡና ሲወቀጥ፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ስግደት ሲበዛ ያልተራመዱትን ሊቆጥር ይችላል፤ ሁለት እጅ ይዞ ዕቃ የተሸከመ ሰው ደግሞ የተራመደው ይጎድልበታል። 10,000 እርምጃ የሚባለው ግብም በሕክምና የተወሰነ ቁጥር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። የራስዎን የአንድ ሳምንት አማካይ ይዘው በእሱ ላይ 1,000 ይጨምሩ።

ኦክስጅን ላይ ቆም እንበል፤ ጎንደር ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉን 77% ያህል ብቻ ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ከ60% በታች ይወርዳል። አፑ ውስጥ ያለው ቀይ መስመር ግን ሻንጋይ ለተቀመጠም ደባርቅ ለተቀመጠም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95.3% ሆኖ አግኝቶታል፤ ከሌሎች ደጋማ ሕዝቦች የተለየ ውጤት ነበር። የእኛ ሰው "ልክ" ምን ያህል እንደሆነ ፋብሪካው አያውቅም ማለት ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የጣት ኦክስጅን መለኪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ በጥር 2025 ደግሞ እነዚህ የሕክምና መለኪያዎች ቆዳቸው የተለያየ በ150 እና ከዚያ በላይ ሰዎች ላይ እንዲፈተሹ የሚል ረቂቅ መመሪያ አውጥቷል። የጣት መለኪያ ይህን ያህል ከተጠረጠረ፣ ብርሃኑን በጣት ውስጥ አሳልፎ ሳይሆን ከክንድ ላይ አንጥሮ የሚለካው ሰዓት ይበልጥ መጠርጠር አለበት።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ለ7 ቀን በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት፣ እጅዎን አሙቀው፣ ተቀምጠው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ለአንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይለኩና ይጻፉት። መነሻዎ የእነዚህ ቀናት አማካይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከታተሉት ቁጥሩን ሳይሆን ከመነሻው የራቀበትን መጠን ነው። ትንፋሽ ያጠረው ወይም ከንፈሩ ከወትሮው የጠቆረ ሰው ግን ሰዓቱ ምንም ቢል ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ወደፊት መሣሪያ የሰውየውን ከፍታና የራሱን መነሻ ይዞ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍታን የሚያውቀው ባሮሜትር እኮ እዚያው ሰዓት ውስጥ ተቀምጧል!

የደም ግፊት ላይ አጭር መልስ አለ። በብርሃን ብቻ ግፊት እንለካለን የሚሉ ርካሽ ሰዓቶች የሚያወጡት ቁጥር ግምት ነው። ሳምሰንግ እንኳ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው በየ28 ቀኑ በክንድ ግፊት መለኪያ እንዲስተካከል አድርጎ ነው። ማሰሪያው ራሱ አየር እየሞላ የሚለካ ሰዓት አለ፤ ሁዋዌ ዎች ዲ የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፤ ይህ ከሌሎቹ የተለየ ነገር ነው። ለግፊት ታማሚ ወላጅ ግን በሰዓቱ ዋጋ የክንድ መለኪያ ይግዙላቸው።

ስኳርን በሚመለከት ቃላችን ጥብቅ ነው። ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት የለም። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ይህን በግልጽ አስጠንቅቋል። የስኳር ታማሚ በእንዲህ ያለ ቁጥር ኢንሱሊን ከወሰደ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ክንድ ላይ ተለጥፎ በቀጭን ሽቦ ከቆዳ ሥር የሚለካው ዓይነት እውነተኛ ነው፤ ግን አንዱ የሚሠራው 14 ቀን ያህል ስለሆነ በዓመት 26 ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ከውጭ ዘመድ ከመላኩ በፊት ሁለተኛውና ሦስተኛው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ።

ወደ ስሜን ለሚወጣ

አስጎብኚ ሰዓት ሲመርጥ ከስክሪኑ ውበት በፊት ጂፒኤሱ በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቅ። ቢያንስ 20 ሰዓት ካለው ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ይበቃል፤ መንገዱ በቀን 6 ሰዓት ቢፈጅ ማለት ነው። ባሮሜትሩን ሳንካበር ሰፈር ሲደርሱ 3,250 ሜትር ላይ ያስተካክሉት። አየሩ ሲቀየር ግፊቱም ስለሚቀየር፣ ሳይስተካከል የከረመ ሰዓት በአሥር ሜትሮች ይሳሳታል። ግዕጭና ጨነቅ በሚባሉት የድንኳን ሰፈሮች ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሰዓቱን አውልቀው ድንኳን ኪስ ውስጥ አይተዉት፤ ክንድዎ ላይ እንዳለ ይተኙ። ካርታውን ጎንደር ሳሉ ዋይፋይ ላይ ያውርዱ።

ለጥምቀት

5 ኤቲኤም (የውሃ ግፊት መቋቋሚያ ደረጃ) የተጻፈበት ሰዓት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አይፒ68 ብቻ የተጻፈበት ግን ረጋ ላለ ውሃ የተፈተነ ስለሆነ ከግንብ ለሚዘል ሰው አይሆንም። ጥር 10 ማታ የንክኪ መቆለፊያውን ያብሩ፤ ከውሃ ሲወጡ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁ፤ የቻርጅ ነጥቦቹ ሳይደርቁ አይሰኩት። የሰዓቱን የውሃ መከላከያ ከውሃ በላይ የሚጎዳው እንፋሎትና ሳሙና ነው፤ ምጣድ ላይ የሚቆሙ ያውልቁት።

ቀለበት፣ መነጽር

ቀለበት ለእንቅልፍ ልኬት ጥሩ ነው፤ ጣት ላይ ያለው የደም ምልክት ከክንዱ የጠራ ነው። ሆኖም ልኩ አይስተካከልም፤ ጣት ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ መለማመጃ ቀለበቶች ሳይሞክሩ መግዛት ቁማር ነው። ባትሪው አይቀየርም፤ ሲያልቅ ዕቃው አለቀ። ኡራ የተባለውን ቀለበት የመሰሉት ሙሉ አገልግሎታቸውን የሚሰጡት በየወሩ በዶላር ሲከፈላቸው ነው፤ ይህን ከጎንደር በየወሩ ማሟላት ለብዙ ሰው አይሆንም። በእጁ የሚሠራ ሰው ብረት ሲይዝ ይቧጥጠዋል፤ ቀለበቱ ዕቃ ላይ ሲያዝበትም ጣቱን ይጎዳዋል። መነጽሩ ካሜራ ስላለው ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ላይ ሰው ያስከፋል፤ አማርኛም አይናገርም። ይቆይ።

ድርጅቱ ቢዘጋስ?

ፔብል የተባለው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ተነሣ፤ በ2016 መጨረሻ ንብረቱ ለፊትቢት ተሸጠ፤ በሰኔ 2018 ሰርቨሩ (አገልግሎቱን ከሩቅ የሚሰጠው ኮምፒውተር) ተዘጋ። ሰዓቱ ግን አልሞተም፤ በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን ሰርቨር ሠርተው አቆዩት፤ በጥር 2025 በኋላ ፊትቢትን የገዛው ጎግል የሶፍትዌሩን ኮድ ለሁሉም ከፈተው። በተቃራኒው ሂውሜን የተባለው ድርጅት ደረት ላይ የሚሰካ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2024 በ699 ዶላርና በወርኃዊ ክፍያ ሸጠ፤ በየካቲት 28፣ 2025 ሰርቨሩን ዘጋ፤ ዕቃው ከንቱ ሆነ። ልዩነቱ ሥራው የሚሠራው እጅ ላይ ነው ወይስ ሩቅ አገር ነው የሚለው ነው። ከሁሉም ተስፋዎች አጥብቀን የምንይዘው ይህን ነው፦ ዕቃው ከሠሪው ድርጅት በላይ ይኑር። ዛሬ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ጋጅትብሪጅ የሚባል ነፃ የአንድሮይድ አፕ አለ፤ ብዙ ባንዶችን ያለ ኢንተርኔትና ያለ ፋብሪካው አካውንት ያስተዳድራል። የሚገዙት ባንድ እሱ በሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይዩ፤ አንዳንዱ መጀመሪያ ከፋብሪካው አፕ ቁልፍ መውሰድ ይፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ፣ ብሩ ሳይወጣ

ዳታዎን ከፍተው እዚያው ከስልክዎ ጋር ያገናኙት። የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን አይሠራም። ስልክዎ አነስተኛ ማኅደር ያለው አንድሮይድ ከሆነ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፑን ከበስተጀርባ ይገድለዋል፤ ማሳወቂያም ይቋረጣል። የአፑን የባትሪ አጠቃቀም ያልተገደበ ያድርጉት፤ በራሱ እንዲነሣም ይፍቀዱለት፤ ከዚያ ስክሪኑን አጥፍተው 10 ደቂቃ ቆይተው ያስደውሉ። ደረጃ ሮጠው ወጥተው በጣትዎ የአንገት ምትዎን ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ፤ ከሰዓቱ ጋር ከ10 በላይ ከተለያየ እንደገና ይሞክሩ፤ ሦስቴ ከተለያየ ይተዉት። ያሰረው ሰው ሲወድቅ ይደውላል የተባለ ሰዓት ለማን እንደሚደውል ያስገቡ፤ የሚደውለው በስልኩ ከሆነ ስልኩ ካርድ ሳይኖረው አይሠራም። ለኤንኤፍሲ (ሰዓቱን ወደ መክፈያ ማሽን አስጠግቶ ለሚደረግ) ክፍያ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ፤ ቴሌብር የሚከፈለው በስልክ ነው። የራሱ ሲም ያለው ሰዓት ከሆነ ኦፕሬተርዎ ለሰዓት መስመር ይሰጥ እንደሆነ ከአገልግሎት ማዕከሉ ሳይጠይቁ አይግዙ። በመጨረሻም ሻጩ ደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ቁጥርና የመመለሻውን ቀን በእጁ ይጻፍልዎ፤ ሁለተኛዋን ገመድም አይርሱ።